ከትል እስከ እድፍ፦ ስለ ጥርስ ጤና አጠባበቅ ቃላት ታሪክ

ለጥርስ ሐኪም ረዳቶች የተዘጋጀ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያን ወደ አማርኛ መመለስ ቀላል ሥራ ይመስላል። ጥርስ፣ ድድ፣ ምላስ፣ ምራቅ፣ መንጋጋ ሁሉም ከአባት ከእናት የተወረሱ ቃላት ስለ ሆኑ አዲስ ስያሜ የሚሻ ብዙ ነገር የለም ያሰኛል። ሥራው ሲጀመር ግን ችግሩ ያለው በአካሉ ስም ላይ ሳይሆን በሕመሙ ስም ላይ መሆኑ ይታወቃል። የሕመም ስም መጠሪያ ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ ከወዴት እንደ መጣ የሚናገር አጭር ሐተታ በውስጡ አለው። መንስኤውን አሳስቶ የሚናገር ስም መከላከያውንም ያሳስታል። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ጽሑፍ የጥርስ ጤና አጠባበቅ ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ በመጣባቸው ዘመናት ስሞቹ እንዴት እንደ ተለወጡ ይመረምራል፤ የአማርኛው ቃላትም በዚያ ታሪክ ውስጥ የት ላይ እንደሚቆሙ ያመለክታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ «ጥርስ» ቃል ራሱ ጥቂት ማለት ይገባል። በግዕዝ የጥርስ አጠቃላይ ስም «ስን» ሲሆን፣ «ፅርስ» የሚባለው የኋላው፣ የሚፈጨው ጥርስ ነው። ዐረብኛም እስከ ዛሬ «ሲን» እና «ድርስ» ብሎ ሁለቱን ለይቶ ይጠራል። አማርኛ የክፍሉን ስም ወስዶ ለመላው ሰጠውና ስንን ተወ። ከዚህ የተነሣ የሚፈጨው ጥርስ ያለ ስም ስለ ቀረ፣ ጥርሱን የተሸከመው አጥንት ስሙን አዋሰው፤ ዛሬ «መንጋጋ» ስንል አጥንቱንም ጥርሱንም ማለታችን ነው። በዕለት ንግግር ይህ ማንንም አይጎዳም። «መንጋጋው አብጧል» ብሎ በሕመምተኛው ካርድ ላይ ለሚጽፍ ረዳት ግን የሁለት ሕመሞች ልዩነት ነው። ስለዚህ አጥንቱን «መንጋጋ»፣ ጥርሱን «የመንጋጋ ጥርስ» እያሉ መለየት ግድ ይሆናል። ለቀሩት ማለትም ለፊት ጥርስና ለክራንቻ እንዲህ ያለ ችግር የለም።

አማርኛ የጥርስን መልክ በመግለጽ ረገድ ባለጠጋ ነው፤ ገጣጣ፣ ፍንጭት፣ ወላቃ፣ ሸራፋ እያለ ይቀጥላል። ስሜቱን በመግለጽ ረገድም አይታማም። መራራ ወይም ጎምዛዛ ነገር ጥርስን ሲነካ የሚሰማው ስሜት «ጠረሰ» የሚል የራሱ ግሥ አለው፤ በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 የሚገኘው ይኸው ቃል ነው። ዛሬ በብዙ ትርጉሞች ላይ «የጥርስ ስሜታዊነት» የሚል ሐረግ ሲታይ፣ ተርጓሚው በእጁ ያለውን ቃል ረስቶ ከሩቅ እንደ ተበደረ እንረዳለን። ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በጥርስ ላይ ቀስ በቀስ፣ ሳይታይ ስለሚሆነው ነገር የሚናገሩ ቃላት ጥቂት ናቸው።

ለዚህ ምክንያቱ ትሉ ነው። «ጥርሴን ትል በላው» የሚለው አነጋገር የአማርኛ ብቻ አይደለም። በባቢሎን የሸክላ ጽሑፍ ላይ ትል በጥርስና በድድ መካከል ለመኖር ሲለምን የሚተርክ ድግምት ተገኝቷል። በአውሮፓም ይህ እምነት እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ በሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር የጸና ነበር። መድኃኒቱም ከስሙ ይወለዳል፤ ትል ከሆነ ማጠን፣ ማባረር፣ ካልሆነም ጥርሱን ከነትሉ መንቀል ነው። በአውሮፓ የአንድ መርዛም ተክል ፍሬ በፍም ላይ ተደርጎ ጢሱ ወደ አፍ ይገባ ነበር፤ ፍሬው በሙቀት ሲፈነዳ የሚወጣው ነጭ ቡቃያ ትል ስለሚመስል ታማሚው ትሉ ሲወጣ በዐይኑ እንዳየ ያምን ነበር። በእኛም አገር የአስተናግር ፍሬ ጢስ ለዚሁ ሕመም ሲያገለግል ኖሯል። ተክሉ መርዛም ነው፤ ሕመሙን ለጊዜው ቢያደነዝዝም ጥርሱን አያድንም።

በ1728 ፒየር ፎሻር የተባለው ፈረንሳዊ ስለ ጥርስ ሕክምና የጻፈውን ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የታመሙ ጥርሶችን በማጉያ መነጽር ጭምር መርምሮ አንድም ትል እንዳላገኘ ገለጸ። ፎሻር ራሱን «የጥርስ ቀዶ ሐኪም» ብሎ ሰየመ፤ እንግሊዝኛም ዛሬ የሚጠቀምበትን የሙያ ስም ከፈረንሳይኛ የወሰደው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ስም «ጥርስ ነቃይ» የሚል ነበር። የአማርኛውም መንገድ ከዚህ አይለይም፤ ጉጠት ይዞ ከሚነቅለው ወጌሻ ወደ «የጥርስ ሐኪም» ተሸጋግረናል። ፎሻር ጣፋጭ ምግብ ጥርስን እንደሚጎዳ አስጠንቅቋል። በዚያው መጽሐፍ ሰው በገዛ ሽንቱ አፉን ቢጉመጠመጥ እንደሚጠቅመው መምከሩን ስናነብ ግን፣ አንድ ሰው ትልን ከጥርስ ማውጣቱ ብቻ ብዙ ሥራ እንደ ነበረ እንፈርድለታለን።

ትሉ ቢወጣም ቦታው ባዶ ቀረ። ቦታውን የሞላው በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር ነው። በ1890 ባሳተመው ስለ አፍ ጥቃቅን ሕዋሳት በሚናገር መጽሐፍ፣ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የምግብን ስኳርና ስታርች አብላልተው አሲድ እንደሚያወጡ፣ ያም አሲድ ኢናሜል የሚባለውን ጠንካራ የጥርስ ልባስ እንደሚያሟሟ አስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ኢናሜል ላይ የሚጣበቅ፣ በባክቴሪያ የተሞላ ስስ ዝልግልግ ነገር ታወቀ፤ «ፕላክ» የሚል ስም ተሰጠው። ቃሉ በፈረንሳይኛ ስስ ጠፍጣፋ ሰሌዳን የሚያመለክት ነው። ከ1940 ጀምሮ ሮበርት ስቴፈን ባደረጋቸው ልኬቶች፣ ሰው ስኳር በአፉ ካደረገ በደቂቃዎች ውስጥ የዚህ ነገር አሲድነት እንደሚጨምር፣ ወደ ነበረበት ለመመለስም ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ ታየ። ስለዚህ ወሳኙ የሚበላው የስኳር ብዛት ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹም ነው። ቀኑን ሙሉ ስኳር የበዛበት ሻይ ፉት የሚል ሰው አንድ ጊዜ ጠጥቶ ከሚተወው ይልቅ ጥርሱን ይጎዳል።

የድድንም ጉዳይ የለየው ከ1965 የዴንማርክ ጥናት የበለጠ የለም። በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ ጤናማ ድድ ያላቸውን 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ሁሉም ድዳቸው ተቆጣ፤ ማጽዳት እንደ ጀመሩም በሳምንት ገደማ ውስጥ ዳነ። ከዚህ በኋላ የድድ መድማትን የእርጅና ወይም የደም ጉዳይ ብቻ አድርጎ መናገር አልተቻለም።

እንግዲህ የሙያው ስሞች የሄዱበት መንገድ ግልጽ ነው፤ ከቀዳዳው ተነሥተው ወደ ኋላ፣ ቀዳዳውን ወደሚቀድመው ነገር ሄደዋል። አማርኛው ግን በአብዛኛው ከቀዳዳው ዘንድ ቆሟል። «የተቦረቦረ ጥርስ» የሕመሙን መጨረሻ ይናገራል። «የበሰበሰ ጥርስ» ከላቲኑ ቃል ጋር ይገጥማል፤ እርሱም መበስበስ ማለት ነውና። «የነቀዘ ጥርስ» የሚለው ነቀዝን፣ ማለት የእህል ተባይን፣ ስለሚያስታውስ ትሉን በሌላ በር ያስገባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣበት ይችላል። በእኛ አስተያየት ተቃውሞው አይጸናም። «የነቀዘ አስተዳደር» የሚል ሰው ተባይን አያስብም፤ ከውስጥ፣ ሳይታይ፣ ቀስ እያለ መበላሸትን ነው የሚያስበው። ይህም ለሕመሙ ተስማሚ ነው። ስለዚህ ሕመሙን «ንቅዘት»፣ የደረሰበትን ቀዳዳ «ቡርቡር» ማለት ሁለቱን ይለያል። መለየቱም ለሥራው ይጠቅማል፤ ንቅዘት ሲጀምር በኢናሜሉ ላይ ነጭ ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል፣ በዚህ ጊዜም ከምራቅና ከፍሎራይድ በሚገኝ እርዳታ ሊመለስ ይችላል። ቡርቡር ግን አይመለስም፤ ይሞላል እንጂ።

ከሁሉ የሚከብደው የ«ፕላክ» ጉዳይ ነው። እንዳለ ብንተወው አድማጩ ምንም አይታየውም። «ቆሻሻ» ብንለው የምግብ ትራፊ ይመስለዋልና፣ ምግብ በጥርሱ መካከል ካልቀረ ጥርሱ የጸዳ ይመስለዋል። እኛ «የጥርስ እድፍ» የሚለውን እንመርጣለን። ልብስ ያድፋል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶ ያድፋል፤ በዚህ ማንም አይገረምም፣ ማንም አንድ ጊዜ አጥቦ ጨረስሁ አይልም። ፕላክም እንዲሁ በጸዳው ጥርስ ላይ በሰዓታት ውስጥ መሠራት ይጀምራል። ሁለት ነገሮች ሊነቀፉበት ይችላሉ። አንደኛ፣ እድፍ ለዐይን የሚታይ ነገር ሲሆን ፕላክ ቀለም የለውም ለማለት ይቻላል፤ ረዳቶች ቀይ ማቅለሚያ ቀብተው ለሕመምተኛው የሚያሳዩትም ስለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን አነጋገር «እድፈት» የኀጢአት ምሳሌ ስለሆነ ነቀፌታ ሊያሰማ ይችላል። በልጆች ፊት ይህን ቃል የሚጠቀም ሰው ድምፁን ማለዘብ አለበት። እድፉ ሳይነሣ ሲቆይ ከምራቅ በሚገኙ ማዕድናት ይጠነክራል፤ ብዙ ቋንቋዎች ለዚህ «የጥርስ ድንጋይ» የሚል ስም ስላላቸው አማርኛውም ያለ ችግር ይቀበለዋል።

ለዚህ ምርጫ የሚረዳ አንድ ብዙ ያልተስተዋለ ነገር በቋንቋው ሰዋስው ውስጥ አለ። በጥርስ ሕክምና ቤት የሚደረገውን ሁሉ ሕመምተኛው በአስደራጊ ግሥ ይናገራል፤ ጥርሴን አስነቀልሁ፣ አስሞላሁ፣ አሳጠብሁ፣ አስተከልሁ ይላል። ራሱ የሚያደርገው ግን በአድራጊ ግሥ ነው፤ ፋቅሁ፣ ጠረግሁ ይላል። ስለዚህ ሕክምናና ጥበቃ በአማርኛ በግሥ እርባታ ተለይተው ይገኛሉ። «ፋቀ» ጥንታዊ ቃል ነው፤ ብራና ይፋቃል፣ የተሳሳተ ፊደል ይፋቃል፣ ቆዳ ይፋቃል። (ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች በዚህ ስም ሲዋረዱ መኖራቸው የቃሉ ሳይሆን የተናጋሪው ነውር ነው።) በሁሉም ላይ የተጣበቀን ስስ ነገር በላዩ ላይ ካለበት ነገር መለየት ማለት ነው። የጥርስ እድፍን በትክክል የሚገልጽ ግሥ ከመቶ ዓመታት በፊት በእጃችን ነበረ ማለት ነው፤ የሚፋቀው ነገር ግን ስም አልነበረውም።

በከተማ የሕክምና ቤት ቋንቋ ድንጋዩን በመሣሪያ ማንሣት «የጥርስ እጥበት» ይባላል። ይህ ስም ብዙ ጉዳት አድርሷል እንላለን። ያሳጠበ ሰው ለዓመት ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል። ደግሞም «እጥበት ጥርስን ያሳሳል» የሚሉ አሉ፤ ድንጋዩ ሲነሣ የተሸፈነው ክፍተት ስለሚገለጥ፣ ያበጠውም ድድ ስለሚሸበሸብ፣ ጥርሱ የሳሳ ይመስላቸዋል። እንደ ልብስ የታጠበ ነገር ይሳሳል የሚለው ግምት ከስሙ የመጣ ነው። «አስፋቀ» የሚለው ቃል ቢያዝ ግን አንዱ ሥር ሁለቱንም ይሸከማል፤ ሰው እድፉን ራሱ ይፋቃል፣ ድንጋይ የሆነውን ያስፋቃል።

ስለ መፋቂያው ራሱም የሚባል አለ። ወይራ፣ ክትክታ፣ ልምጭ ተቆርጦ ጫፉ ሲታኘክ ጭረቱ ተበትኖ ብሩሽ ይሆናል። በኢትዮጵያ ተማሪ ልጆች ላይ የተደረገና በ1978 የታተመ ጥናት መፋቂያ በአግባቡ ሲሠራበት እድፍን በማንሣት ከብሩሽ እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ማስተማሪያ «ጥርስህን ቦርሽ» በሚል ትእዛዝ ብቻ ሲጻፍ፣ ብሩሽ ለመግዛት አቅም የሌለውን አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ ያሰናብተዋል። «ፋቅ» የሚለው ሁለቱንም ያቅፋል። የጥርስ ሳሙናም ስም ታሪክ አለው። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በቧንቧ የሚሸጠው ቅባት በእርግጥ ሳሙና ነበረበት፤ በኋላ በሌላ አጽጂ ተተካ። ሳሙናው ሄደ፣ ስሙ በአማርኛ ቀረ። በብዙ ቤቶች ደግሞ የአንድ ፋብሪካ ምርት ስም ሆኖ የሚጠራው «ኮልጌት» ነው፤ የሌላ ፋብሪካ እንኳ ቢሆን።

አንድ ስም በልጅ አካል ላይ ምን ያህል ሊጽፍ እንደሚችል የሚያሳየው «ግግ» ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው፣ ገና ያልበቀለው የክራንቻ ጥርስ በድዱ ላይ ሲያብጥ «ግግ አለበት» ይባላል፤ ድዱም ተፍቆ ወይም ተቦጥጦ እምቡጡ ይወጣል። ስሙ እብጠቱን በሽታ አደረገው። ውጤቱ ደም መፍሰስ፣ መመረዝ፣ በሥሩ የነበረው ቋሚ ጥርስ መበላሸት ወይም መጥፋት ነው። የተቅማጡ ምክንያት ግን ሳይነካ ይቀራል። ይህን ስንል ሌላውን ዓለም ንጹሕ አድርገን አይደለም። በለንደን በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት በሚታተመው የሟቾች ዝርዝር ላይ «ጥርስ» የሚል የሞት ምክንያት ተጽፎ ይገኛል፤ የአውሮፓ ሐኪሞችም የሕፃናትን ድድ በስለት ይቀዱ ነበር። ተርጓሚው እዚህ ላይ ምን ያድርግ? «ግግ»ን ትቶ «የወተት ክራንቻ እምቡጥ» ብቻ ቢጽፍ እናቲቱ የሚወራው ስለ ልጇ መሆኑን አታውቅም። ስሙን ጠርቶ፣ «ግግ የሚባለው የሚበቅል ጥርስ ነው» ብሎ ማፍረስ ይሻላል። ስለ ወተት ጥርስም እንዲሁ ነው። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው፤ ሁሉም ይወልቃሉ ስለሚባል ይናቃሉ። ነገር ግን በ6 ዓመት ገደማ ከእነርሱ በስተኋላ፣ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ የሚበቅለው የመንጋጋ ጥርስ ቋሚ ነው። ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ ነው ብለው ሲነቅዝ ይተዉታል። ለዚህ ጥርስ «የስድስት ዓመት ጥርስ» የሚል የራሱ ስም ቢሰጠው አንድ ሙሉ ገጽ ማብራሪያ ያስቀራል።

ስለ ፍሎራይድ የሚጻፈው ነገር በእኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በ1901 ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሲደርስ የነዋሪዎቹ ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘ። በሽታው መጀመሪያ በአገሩ ስም ተጠራ፤ ቀጥሎ በመልኩ «ዥጉርጉር ኢናሜል» ተባለ፤ በ1931 በውኃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑ ሲታወቅ በመንስኤው «ፍሎሮሲስ» ተባለ። ከአገር ወደ መልክ፣ ከመልክ ወደ መንስኤ መሆኑ ነው። እነዚያው ቡናማ ጥርሶች ንቅዘት እንደማያጠቃቸው ስለ ታየ፣ ጥር 1945 በግራንድ ራፒድስ ከተማ በአንድ ሊትር ውኃ 1 ሚሊግራም ገደማ ፍሎራይድ መጨመር ተጀመረ። የዛሬው ትምህርት መሠረት ይህ ነው፤ በጥርስ ሳሙና ያለው ፍሎራይድ ንቅዘትን ይከላከላል፣ በቀን ሁለት ጊዜ መፋቅ፣ ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሩዝ ቅንጣት ያህል፣ ከዚያ በላይ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል፣ መትፋት እንጂ አለመዋጥ።

በስምጥ ሸለቆ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከኮሎራዶ በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ እጅግ ያልፋሉ፤ በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ሰፈሮች በጥርስም በአጥንትም ላይ ያደረሰው ጉዳት በጥናት የታወቀ ነው። «ፍሎራይድ ጥርስን ያጠነክራል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያለ ማብራሪያ ተተርጉሞ እዚያ ቢለጠፍ አንባቢው ዙሪያውን አይቶ ይስቃል። አማርኛ ለዚህ ጉዳት ጥሩ ቃል አለው፤ «በለዘ»። ገላ ሲመታ ይበልዛል፣ ጥርስም ይበልዛል፤ ነቀዘ ከሚለው ፈጽሞ የተለየ ነው። ነገር ግን ቃሉ እስካሁን ከመልክ አላለፈም። በሻይ፣ በጫት፣ በትምባሆ የጠቆረውም ጥርስ በልዟል ይባላል። ይህ ከላይ ያለ ስለሆነ ይፋቃል፤ የፍሎራይዱ ግን ጥርሱ ገና በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ሲሠራ፣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ገደማ የገባ ስለሆነ በማናቸውም መፋቂያ አይለቅም። «ብልዘት»ን ለፍሎሮሲስ ብቻ ወስኖ ሌላውን «ጥቁረት» ወይም «የሻይ ቀለም» ማለት ልጁን ጥርሱን ስላልፋቀ ነው ተብሎ ከመነቀፍ ያድነዋል።

የሚቀረው የሠራተኛው ስም ነው። በ1885 በኒው ኦርሊንስ ኤድመንድ ኬልስ ሴት ረዳት መቅጠሩ የረዳትነት ሙያ መጀመሪያ ሆኖ ይጠቀሳል። በ1906 አልፍሬድ ፎንስ በብሪጅፖርት አይሪን ኒውማን የተባለችውን ረዳቱን ጥርስ ማጽዳትና መፋቅ አስተማራት፤ በ1913 ትምህርት ቤት ከፈተ። «የጥርስ ነርስ» የሚለውን ስም እንቢ ብሎ፣ ነርስ ሕመምን ያሳስባል፣ የእኛ ሥራ ግን ጤናን መጠበቅ ነው ባይ ስለ ነበረ፣ ከንጽሕና የተገኘ አዲስ ስም ፈጠረ። በ1921 ሥልጠናውን የጀመረችው ኒው ዚላንድ ግን በትምህርት ቤቶች የሚሠሩትን ሴቶች «ነርስ» ብላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ጠራች። በአማርኛ ለፎንሱ ሙያ «የጥርስ ንጽሕና ባለሙያ» ይበቃል። «ረዳት» ግን ያነታርካል፤ ቃሉ ከአውቶቡስ በር እስከ ዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ድረስ ስለሚያገለግል ክብሩ የሚታወቀው ከጎኑ በሚቆመው ስም ነው። እንዲያም ሆኖ «የጥርስ ሐኪም ረዳት» የሚለውን መለወጥ አያስፈልግም። ሐኪሙ አፉን እያየ ሲናገር የሚጽፈው ረዳቱ ነው፤ እድፍ፣ ድንጋይ፣ ንቅዘትና ብልዘት የሚሉት አራት ስሞች መጀመሪያ የሚፈተኑት በእርሱ እጅ በሚሞላው ካርድ ላይ ነው።